ቲላክ የመጣበትን አገር አልተናገርኩም

ልጄ ሱሜዳ፣

ቡድሃ ካለህበት ይጠብቅህ፤ ዕንቁ የምትቆፍርበት የማዳጋስካር ጉድጓድም አይናድብህ። እኔ አለሁ። እዚህ ራትናፑራ ዝናቡ ገብቷል፣ ጓሮው ውኃ ቋጥሯል።

ወንድምህ ቲላክ መሞቱን በስልክ ሰምተሃል። በስልክ ያልነገርኩህን ልጻፍልህ።

ካንተ ዘንድ በተመለሰ በዘጠነኛው ቀን አተኮሰውና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ወባ ከአገራችን ከጠፋ በኋላ የተማረች።

«እማማ፣ ልጅዎ ሰሞኑን ውጭ አገር ነበር?» አለችኝ።

«የለም፣ ከኮሎምቦ ነው የመጣው» አልኳት። ዕንቁ የሚወጣበትን ቦታ ለዘመድም አትንገሩ ሲል የኖረው አባታችሁ ነው፤ አፌ ለምዶታል። ቲላክም ሰምቶኝ አላረመኝም። እሷ የደንጊ ትኩሳት ነው ብላ አከመችው። ወባ መሆኑ የታወቀው ከመሞቱ በፊት ባለው ምሽት ነው።

ከጤና ቢሮ መጥተው ቤቱን መድኃኒት ረጩት፤ ሰፈሩን በሙሉ ጣት እየወጉ ደም ወሰዱ። ጎረቤታችን ኩሱማ የተወጋ ጣቷን ይዛ፣ «ስንት ዓመት ያልሰማነው በሽታ ካንቺ ቤት ይምጣ?» አለችኝ።

ዕድሜህ ይርዘም፣ ልጄ። ስትመለስ መጀመሪያ ወደ እኔ አትምጣ፤ ሄደህ ደምህን አስመርምር። ከየት መጣህ ሲሉህም ራስህ መልስ። ለእኔ አትተውልኝ።

እናትህ ሶማዋቲ