ሳጥኑ ውስጥ የከተትኳቸው ሦስት ወረቀቶች

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ቁርጥማቱ ለቀቀሽ? ጋሼስ ሳሉ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ያ እንቅልፋም ልጅሽስ በሰዓቱ መነሳት ጀመረ? እኔ ከወገቤና ከአመሌ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ሐኪም አይቶታል፤ አመሌን ግን ላንቺ መናገር አለብኝ።

እኔ ዘንድ ያለችው ልጅሽ፣ የእኛ «ዳኛ»፣ ደህና ናት። የሰፈሩ የወጣቶች ምክር ቤት ጸሐፊ መሆኗን ነግራሻለች። ያልነገረችሽን እኔ ልንገርሽ፤ እሷ እንደሆነች እኔን ለመሸፈን አፏን ዘግታለች።

ባለፈው ወር «የሐሳብ መስጫ ሳጥን ሥራልን» አለችኝ። የሰፈሩ ኮሚቴ ከስብሰባ አዳራሹ ጀርባ ያለውን ክፍል ለነጋዴ መጋዘን ሊሰጠው ነበርና፣ ወጣቶቹ የማጥኛ ክፍል እንዲሆን ፈልገው የሰዉን ሐሳብ ሊሰበስቡበት ነው። ከጥሩ ጣውላ ሠራሁላቸው። ታውቂኝ የለ፣ ባዶ ሳጥን አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ሦስት ወረቀት ጽፌ ከተትኩ። አንዱ «ፀጉር አስተካካዩ ጆሯችንን ሳይጨርሰው መነጽር ይገዛለት» ይላል። ሁለተኛው «ስብሰባ እንዲያጥር የኮሚቴው ወንበሮች ላይ ምስማር ይመታ»። ሦስተኛውን ልጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ስለ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆድ ነው።

ልጆቹ ሳጥኑን የከፈቱት በኮሚቴውና በሰፈሩ ሰው ፊት ነው። አንድም ወረቀት ሳይመርጡ ሊያነቡ ቃል ገብተው ነበር። ዳኛ ቆማ ማንበብ ጀመረች። የእኔ ሲደርስ ድምጿ ቀነሰ እንጂ አልዘለለችውም፤ የሆዱንም አነበበች። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። ሊቀመንበሩ ግን «የወጣቶቹ ድምፅ ይሄ ከሆነ ሰምተናል» ብሎ ሳጥኑን ዘጋው። ሰባ ያህል የቁም ነገር ወረቀት ሳይነበብ ቀረ። ማን እንደጻፈው ሲጠይቃት «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አለች።

ያን የመሰለ ወፍራም የአናጢ እርሳስ ያለው እኔ ጋ ነው። ምስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ እያየሁ የተማርኩትን ጠማማ ፊደሌንም ታውቀዋለች። ቤት ስንገባ አልጮኸችብኝም። «አጎቴ፣ ቀልድህን እወዳለሁ። ግን አንዴ እንዲሰሙን ብለን ስንት ጊዜ እንደለመንናቸው ታውቃለህ?» ብላ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እትዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅሽን አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ እንዲህ ላዋርዳት ነበር?

ትናንት ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄጄ፣ ሆዱን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ አመንኩለት። እሱም «ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ በሳቅክበት አዳራሽ ቆመህ ተናገር፤ ሳጥኑ ያኔ ይከፈታል» አለኝ። ክፍሉንም እስከ ሐሙስ ለማንም አይሰጥም።

ለዳኛ ስነግራት ትንሽ ፈገግ አለች። «ተናግሬ ወዲያው ልውጣ?» ብላት፣ «የለም፤ ከፊት ወንበር ትቀመጥና ሰባውንም እስኪያልቅ ትሰማለህ፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ» አለችኝ። እኔ ስሰማ የኖርኩት የራሴን ድምፅ ብቻ ነው፤ እስቲ እሞክረዋለሁ።

ጋሼን ጉልበቱን ስሚልኝ። እንቅልፋሙን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ለባለሱቋ ጎረቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺ። አንቺ ደግሞ ይቅር በይኝ፤ ስድብሽን ግን አታስቀሪብኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእንጨት ሥራ ቤቴ፣ ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን