የገበያ ዕቅድህን መልሼ ልኬልሃለሁ

ለወንድሜ ለአሳምነው፣ አውስትራሊያ ባለህበት ይድረስህ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲያስቸግርህ የከረመው ጥርስህ ተሻለህ? ምግቡስ ተስማማህ? እንቅልፉስ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ እማዬ ደብዳቤ በጠብ አይጀመርም ስለምትል ነው። የእኔ ነገር ከዚህ ይጀምራል።

በዕብራይስጥ ያልጻፍኩልህ ለጓደኞችህ እያነበብክ እንዳትስቁብኝ ነው። በስልክም አንተ ስትጮህብኝ ቃል ይጠፋኛል። ጎንደር ሳለን የተማርኳት ፊደል ለዚህ ትበቃኛለች።

«የታደሰ የገበያ ዕቅድ» ብለህ የላክኸው ሦስት ገጽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጻባ፣ ከውትድርናው፣ ወጥተህ ስምንት ወር በገበያ አዳራሽ ቆመህ፣ የፈረንጅ ሴት እጅ ላይ የጨው ባሕር ጭቃ ለውበት እያልክ ስለቀባህ፣ የእማዬን ስፌት ቤት ከእሷ በላይ ያወቅህ መስሎሃል። እማዬ ግን እዚህ ሰፈራችን ሮቫ አሌፍ ያችን ጠባብ ክፍል ይዛ ስድስት ዓመት ስትጠልፍ፣ አንድ ወረቀት ሳትበትን፣ ከሌላ ከተማ ከቂርያት ጋት ድረስ ሙሽራ ይመጣላት ነበር።

የመጀመሪያው ዕቅድህ አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። «ከመቶ በላይ የኛ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ በራሪ ወረቀት ይታደል። ሄዋን፣ አትፈሪ።» የኛ ሰው የት እንደሚሰበሰብ ረሳኸው? ሠርጉ በበጋ ነው። የዚህን አገር ክረምት፣ ብርዱን ወራት ሙሉ፣ ለቅሶ ነው። ደውዬ ለቅሶም ቢሆን ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ከኋላህ ሙዚቃ እየጮኸ «ሰው ሰው ነው፣ ቦታ አትምረጪ» ብለህ ዘጋኸው።

የእትዬ ስንቄ ባል ጋሽ ጌታው ሲያርፉ ሮቫ ሔት ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ከነቲቮት ሰው በአውቶቡስ መጣ። እማዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። እኔ ሰው ፊት መቆም እንደሚያንቀጠቅጠኝ ታውቃለህ። ቢሆንም አትፈሪ ስላልከኝ ከደጅ ጀምሬ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያልኩ፣ በሁለት እጄ አደልኩ። ሰው ለሟቹ የተጻፈ ጸሎት መስሎት ተቀበለኝ። አንድ ሽማግሌማ ወረቀቱን ሳሙት። ከዚያ አንዲት ልጅ ለእትዬ ስንቄ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ «የደስታችሁን ቀን ለእኛ ተዉት። ንግሥቴ ስፌት።» ይህ የአንተ ቃል ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም።

ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ ስንቄ ወደ እማዬ ዞረው፣ «ንግሥቴ፣ እኔ ደስታዬን ቀብሬ ተቀምጫለሁ። አንቺ ገበያሽን ይዘሽ መጣሽ?» አሏት።

እማዬ ተነሥታ ወረቀቶቹን ከመሬትም ከሰው እጅም ለቃቅማ፣ በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ደርሳ አታውቅም። ሁለት ወር ሊሆን ነው። ሰው ሲሞት በሯን ዘግታ ለብቻዋ ታለቅሳለች። ለፋሲካ ማግሥት ሠርግ ቀሚስ ያዘዙ ሁለት ቤቶች ጨርቃቸውን መልሰው ወስደዋል። ለምን አደልሽ ስትለኝ በራሴ ነው አልኳት። ለአንተ አስቤ አይደለም፤ በአንድ ቀን በሁለት ልጅ እንዳታፍር ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ አድሰህ የላክኸውን እይልኝ። «ለተቀየሙ ደንበኞች ሃያ በመቶ ቅናሽ» ትላለህ። ለእትዬ ስንቄ ነው? ለባላቸው ለቅሶ ሃያ በመቶ? «አሮጌው ስም ስለተበላሸ ማልካ ፋሽን ይባል» ትላለህ፤ ንግሥትን በዕብራይስጥ ማለትህ ነው። ያበላሸው ማን ሆነና ነው የእማዬ ስም ከበሩ የሚነሣው? የእኔ ፎቶ ወረቀቱ ላይ ይውጣ የሚለውን ምንም ሳልል ሰርዤዋለሁ። የሚረባ አንድ መስመር አገኘሁ፤ የሥራ ሰዓት በዕብራይስጥ በር ላይ ይለጠፍ የሚለውን። ለጥፌዋለሁ። ሌላውን በቀይ ሰርዤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ።

አንተ ያልጻፍከው ነገር አለ። እማዬ ለቅሶ ቤት ስለ ስፌት ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሰባቱን ቀን ዝም ብላ ትቀመጣለች። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ቤት ልጅ ሲድር፣ ያለቀሰችልን ትስፋልን ብለው ይመጣሉ። ገበያዋ ይኸው ነበር፤ እሷ ግን ገበያ ብላ አስባው አታውቅም።

ባለፈው ዓርብ ለማንም ሳልናገር እትዬ ስንቄ ዘንድ ሄጄ ነበር። አያታችን ያወሩልን እንደነበረው ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው። አሽዶድ አሸዋ እንጂ ድንጋይ የለውም። ወደቡ አጠገብ ማዕበሉን እንዲያግድ ከደረደሩት ድንጋይ መሐል የምችለውን አንሥቼ፣ በትምህርት ቤት ቦርሳዬ በአውቶቡስ ወሰድኩት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደጃቸው ላይ አንገቴ ላይ አድርጌው ቆምኩ፤ ማንኳኳት ግን አቃተኝ። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ አገኙኝ። ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልኝና ያን ቀን ወረቀቱን አስይዞ ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ስምህን ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔኑ ገረመኝ።

«እሱም አንገት አለው» አሉኝ። ለእናትሽ እኔ አልነግራትም፣ ራሱ ይንገራት ብለው ድንጋዩን በረንዳቸው ላይ አስቀመጡት። እዚያው አለ።

ስልካቸውን ከዕቅድህ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። መጀመሪያ ለእማዬ ደውል፤ ቀጥሎ ለእሳቸው። እስከዚያ ለእኔ ብትደውል አላነሣም።

አባዬ ለጥርስህ ቀዝቃዛ ነገር ተው ብሎሃል። ታናሻችን ናአማ በሥዕል ቢሆንም ካንጋሮ ላክልኝ ብላለች። እማዬ አሁን አጠገቤ ሆና እየጠለፈች ነው፤ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩልህ አታውቅም። «ልጄ ያን ያህል ርቆ ስለ ሥራዬ መጨነቁ፣ ዕድሜ ይስጠው በይልኝ» ብላሃለች። እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሄዋን
አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ
18 ፌብሩዋሪ 2007