ጋሽ ሞላ ሱባኤ ላይ ናቸው

ነሐሴ 3፣ ረፋድ

ስልክ። ደግሞ ስልክ። ዮናስ ነው፣ የአ.አ.ው ክለብ ሥራ አስኪያጅ። ተከላካያችሁን ይበልጣልን ዛሬስ ትለቁልናላችሁ ወይ ይላል። በዋጋው ከተስማማን ሰነበትን። ልጁም እሺ ብሏል። የቀረው መልቀቂያው ላይ ፊርማና ማኅተም ነው። ፕሬዚዳንታችን ጋሽ ሞላ ለፍልሰታ ሱባኤ ገብተዋል፣ ስልካቸውን ዘግተዋል፣ ሲወጡ ይፈርማሉ አልሁት። እሺ ብሎ ዘጋ። ሱባኤ ሲባል ማን አፉን ይከፍታል?

መግባታቸው እውነት ነው። ስልክ መዝጋታቸውም። ውሸቱ ሌላ ነው፣ ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ጋሽ ሞላ ሲገቡ ማኅተሙንም የመፈረም ውክልናውንም ለእኔ ለቡድን መሪው ሰጥተውኝ ነው የሄዱት። ተተኪ ስታገኝ ልቀቀው፣ እስከዚያ እንደምንም ያዘው ብለው። ይኸው እንደምንም ይዣለሁ።

ነሐሴ 5፣ ከቀትር በኋላ

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ። ይበልጣል ብቻውን ይሮጣል። አ.አ. ስገባ እንዳልደክም ነው ይላል። ሻይ ጋበዘኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው። ጋሽ ታደለ፣ ሱባኤ የያዘ ሰው ፊርማ ራሱ በረከት አለው አለኝ እየሳቀ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ደጋፊው ዝውውር ለምን ይጓተታል ሲሉት ብር ይመስለዋል። ብር ብቻ አይደለም ወንድሜ! እኛ ይበልጣልን የምንለቀው ሌላ የግራ ተከላካይ ስናገኝ ነው። ያየነው የኮላ ድባ ልጅ አለ፣ የእሱ ክለብ ደግሞ የሚለቀው እሱም ተተኪ ሲያገኝ። ያም ሌላ ይጠብቃል። ሁሉም የፊተኛውን ጭራ ይዞ ቆሟል። እንቢ የሚል የለም። እንቢ ካልህ ገዢው ይሄዳል፣ እሺ ካልህ ተጫዋቹ። ስለዚህ ነገ እንላለን። እኔ ነገን በሱባኤ ጠቀለልኋት እንጂ ሥራው የሁሉም ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ነሐሴ 8፣ ጠዋት

የይበልጣል እናት ወ/ሮ ብርቄ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወሉ። ምነው አያ ታደለ፣ የልጁ ነገር ዘገየሳ? ያንኑ ደገምሁላቸው። ይባስ ብዬ ጨመርሁበት፦ ሱባኤ የያዘን ሰው በዓለም ጉዳይ ማወክ ነውር ነው አልሁ። ደነገጡ። ኧረ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እንጠብቃለን አሉ። ልጃቸውንም ሊቆጡልኝ ሆነ። ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን!

የመሪጌታ ልጅ ነኝ እኮ። ከሥጋው ከወተቱ ጾምሁ፣ ምላሴን ማን ያስጹምልኝ።

ነሐሴ 11፣ ማለዳ

የኮላ ድባው ልጅ ክለብ ትናንት እሺ አለ፣ ዛሬ ቆይ አለ። ዮናስም ደወለ። አሰልጣኛቸው ዝግጅት ሊጀምር ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ ብዙ አልጠብቅም ብሏል። እስክሪብቶ አነሣሁ። ወዲያው ካታንጋው፣ ያ የስታዲየሙ ተሳዳቢ ደጋፊ፣ ታየኝ። በግራ በኩል ጎል ሲገባብን፣ ማን ለቀቀው ሲሉ፣ ስሜ ሲጠራ። አስቀመጥሁት።

ፈሪ ነኝ። በቃ።

ነሐሴ 14፣ ከቅዳሴ መልስ

ወ/ሮ ብርቄ ቢሮ መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። ልጃቸውን ሊያዩ ወርደው እዚሁ አስቀድሰዋል፣ ጋሽ ሞላ ካሉበት ቤ/ክ። እንኳን ደረሱ ሳልል ነገሩኝ። ጋሽ ሞላን ቅዳሴ ሲወጡ በር ላይ አግኝተዋቸዋል። ፊት ለፊት! እግሬ ወደ እሳቸው አለ፣ የልጄን ነገር ልል ስል የአንተ ቃል ትዝ አለኝ፣ እጅ ነሥቼ አለፍሁ አሉ። ከዚያ ዐይን ዐይኔን እያዩ፦

«ሸጋ አደረግሁ አይደል፣ አያ ታደለ?»

ሸጋ አደረጉ አልሁ። አልሁ! መርቀውኝ ሄዱ። ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ምሳ የለ፣ ሥራ የለ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ነሐሴ 15፣ ጠዋት

ፈረምሁ። ማኅተሙን መታሁ። ተተኪ የለም፣ ይቅር። ካታንጋው ይስደበኝ። ዮናስ ጋ ደወልሁ፣ በደስታ። ትናንት ከሰዓት ሌላ ተከላካይ አስፈረምን አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንቢ ብትሉን እኮ ልጁን የፈለገው ሌላ ክለብ ነበር፣ ልጁ እኛን ብሎ ነው የመለሰው አለ። ያ ክለብም አሁን ሞልቷል።

ትናንት ከሰዓት። እናቱ እጅ ነሥተው ካለፉ በኋላ።

ይበልጣል አልሰማም። እናቱን ሊሸኝ ሄዶ ለበዓሉ እዚያው ቀርቷል። ሻንጣ ገዝቶ እኔ ቢሮ ነው ያስቀመጠው። ሻንጣው ጥግ ላይ ቆሞ ያየኛል።

ነሐሴ 16፣ ከሰዓት

ጾም ተፈታ። ጋሽ ሞላ ወጡ፣ ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ያበራል። ሁሉን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ልጁ ቀረልን ማለት ነው፣ ተመስገን አሉ። የምትለው ከጠፋህ በእኔ አሳብብ፣ ሱባኤ ላይ ነበሩ በል፣ ማን ይጠይቀኛል አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አይጠይቅም። ውሸቱ ዕድሜ ልኬን ያኖረኛል።

ከዚያ ወ/ሮ ብርቄ ደወሉ። እንኳን አብሮ አደረሰን። ዶሮ ታርዷል፣ ይበልጣልም አለ፣ ነገ መጥተህ አብረኸን ቅመስ፣ ለልፋትህ አሉ። ለልፋትህ! እመጣለሁ አልሁ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና አምባ ጊዮርጊስ። ሻንጣውን ይዤ። ከምግቡ በፊት እናገራለሁ፣ እጅ ሳልታጠብ፣ ለሁለቱም በአንድ ላይ። ቃሉን ከአሁኑ ልጻፈው፣ ነገ ምላሴ እንዳያታልለኝ፦

ወ/ሮ ብርቄ፣ ልጅዎን የያዝሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት በር ላይ ጋሽ ሞላን ቢጠይቋቸው ኖሮ፣ ፊርማው ታደለ እጅ ነው ይሉዎት ነበር። እርስዎም ያኔውኑ ቢሮ መጥተው ያስፈርሙኝ ነበር፤ የአ.አ.ው ክለብ ሌላ ያስፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።