ሳላይ የፈረምኩበት ገጽ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27፣ ጧት 1፡30

አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው፤ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍብሽ፣ ማስታወሻዬ። ሽልማቱ ለእኔ ሆኗል። በኬሚስትሪ ድኅረ ምረቃ በምርምርና ታናናሾችን በማሠልጠን ለላቀ ተማሪ የሚሰጠው። አማካሪዬ ዶ/ር ዘነበ ትናንት ኮሪደር ላይ ነገሩኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቅዳሜ ሳምንት፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ከበላይ አካል የሚመጣ ጓድ ይሸልመኛል። ቀበሌውም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጣ አውቶቡሱ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28፣ 10 ሰዓት

በላይነሽ ላቦራቶሪ መጥታ በሩን ዘጋች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ዓመት ሙሉ ያሠለጠንኳት፣ «አንቺ በይኝ» ብላት እምቢ ያለች። አባቷ «አሻጥረኛ» ተብለው ከታሰሩ ሁለት ዓመት አለፋቸው።

የታኅሣሡን መዝገብ ይዛ ነው የመጣችው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶችን ፍሎራይድ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን፣ የለካነው እሷ በበጠበጠችው መለኪያ ፈሳሽ ነው። የሊትር ዕቃ መስሏት በግማሽ ሊትር ነበር የበጠበጠችው። ፈሳሹ በእጥፍ ጠንክሯል። ያገኘነው ቁጥር ሁሉ ከእውነቱ በግማሽ ያነሰ ነው።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አያውቁም» አለች።

ገጹን ገለጥኩት። ግርጌው ላይ «አረጋግጫለሁ» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። አላረጋገጥኩም። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ጎረቤቱ መንገድ ላይ ንፍሮ ቀቅሎ ተሰብስቧል። እማዬ ሽልማቱን ለሰው ሁሉ ነግራ እልል ተባለልኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ የተቀመጠውን ናሙና እንደገና ስለካ ነበር። ጉድጓድ ቁጥር አራት ከመጠን በላይ ነው! ደኅና ነው፣ ይጠጣ ብለን የጻፍንለት ነው። መንደሩ ከየካቲት ጀምሮ ከእሱ እየጠጣ ነው። የልጆቹ ጥርስ በአሮጌው ጉድጓድ በልዞ አይቻለሁ። አዲሱ ያድናችኋል ብለናቸው ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ለዶ/ር ዘነበ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቅዳሜ ይለፍና ከዚያ እንናገር፣ አሉ። ፈሳሹን ማን በጠበጠው ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የአባቷም ነገር አለ፤ ይህ ዘመን «ተሳስተን ነው» ቢሉት የሚሰማ አይደለም፣ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም ይፈራሉ።

«አራት ቀን ነው ሰብለ፤ ጉድጓዱ የትም አይሄድ።»

በአራት ቀን ስንት እንስራ ይቀዳል? አልጠየቅኳቸውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 3

ቀበሌው ደጃፍ የደኅንነት ሰዎች ላንድሮቨር ሲቆም ለእኔ የመጡ መስሎኝ ቆምኩ። ከሌላ ሰው ጋር ነበር ጉዳያቸው።

በላይነሽ ክፍል አልገባችም። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ልብሷን በትንሽ ሻንጣ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ይወስዱኛል ብላ። እናቷ ዓይናቸውን ከሻንጣው አይነቅሉም።

«ፊርማው የማን ነው?» አልኳት።

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ ስህተቱን ያገኘሽ ነሽ።»

አለቀሰች። እኔም። ወደ ቤት ስመለስ ምን እንዳልኩ ገባኝና ፈራሁ። አሁን መመለሻ የለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4፣ 9 ሰዓት

አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ በሁለት ቅጂ። ስሟ አንዴ ብቻ ነው ያለው፤ ስህተቱን ያገኘች ተብሎ። አንዱን ዶ/ር ዘነበ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሌላውን ጉድጓዶቹን ወዳስቆፈረው መ/ቤት ወሰድኩ።

የጉድጓዶቹ ኃላፊ ኢንጂነር ሁለት ጊዜ አነበበው። ሌላ ማን ያውቃል? አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን አነሳ። ለደኅንነት የሚደውል መስሎኝ ወደ በሩ አየሁ። ወደ ቅርንጫፋቸው ኖሯል የሚደውለው። መስመሩ እየተቆራረጠበት፣ ቁጥር አራትን ዛሬውኑ ቆልፉ፣ ውሃ በቦቴ ይሂድላቸው እያለ ጮኸ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በጽሑፍ ትጠሪያለሽ ተብያለሁ። ማን እንደሚጠራኝ አልነገረኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 5፣ 11 ሰዓት

ሽልማቱ ለሌላ ተማሪ ተላልፏል። ዶ/ር ዘነበ ናቸው የነገሩኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ከዚያ ደብዳቤዬን አውጥተው ከስሜ ሥር ፈረሙበት። ማንም አልጠየቃቸውም።

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጆቹ ብዙ ጠጥተው እንደሆነ ነው። ቀጥላ፦

«ይይዙሻል?»

«አላውቅም እማዬ።»

ነገ ጧት 12 ሰዓት የመስክ መኪና ወደ ጉድጓዶቹ ይሄዳል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ሁሉም አዲስ ናሙና ይቀዳላቸዋል። በላይነሽ እመጣለሁ ብላለች። እማዬ ቅሪ አለችኝ፤ ጥሪው አንቺ በሌለሽበት ቢመጣስ?

ይምጣ። የት እንደሄድኩ ትንገራቸው። የመንደሩን ስም ጽፌ ሰጥቻታለሁ። አልደበቅም።