በስሜ ላይ የደመርኩት ስምህ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ውድ ወንድሜ ይርዳው፣

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም፤ ከደጃችን ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፦ አባባ፣ እኔ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ክፍልህን የተከራየችው መምህርት ማርያማዊት።

በሰኔ፣ አብሮህ በጀልባ የተሳፈረው የደጎሎው ረመዳን ደወለልኝ። ባቄላ እየለቀምኩ ነበር። ጀልባዋ መገልበጧን፣ አንተም ከባሕሩ አለመውጣትህን ነገረኝ። "አብሽሩ እትዬ፤ ለአባታችሁ በወጉ አስነግሩ" አለኝ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ። እኔ ግን አላስነገርኩም። አባባ "ከይርዳው ወሬ አለ?" ባሉኝ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ኢሜይሌን የከፈትክልኝ አንተ ነህ። የቀረውን የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የኮምፒውተር ትምህርት ቅዳጅ ነው። ከስም ቀጥሎ የመደመር ምልክትና ሌላ ቃል ቢጨመር መልሱ ወደዚያው ሳጥን ይመጣል፤ በዚያ አድራሻ መላክም ይቻላል ይላል። በስሜ ላይ ያንተን ደመርኩ። በስልክ ቢሆን ድምፅህን ከየት አመጣለሁ? ጽሑፍ ድምፅ የለውም። አንተን ሆኜ እየጻፍኩ ወደ ማርያማዊት ስልክ ላክኩ፤ እሷ ለአባባ አነበበችላቸው። ስድስት ደብዳቤ። ስንቱን በፍትሐት የሸኙት ቄስ አባታችን፣ ልጃቸው አምስት ወር ያለ ፍትሐት ቀረ። የከለከልኩህ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ማርያማዊት፣ "እትዬ የኔአለም፣ አድራሻው እኮ በእርስዎ ስም ነው የሚጀምረው" አለችኝ።

"አብረን ነው የከፈትነው" አልኳት። አየችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስታነብ ድምፅዋ ይቀዘቅዛል።

ባለፈው ሳምንት አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ አስጻፉ፦ "ልጄ፣ በሄድክበት ማለዳ በጆሮህ ምን ብዬ ሸኘሁህ?" ያን ቀን እኔ አቀስታ ከተማ ነበርኩ። ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና "ማርያም ትከተልህ ብለውኛል" ብዬ ላክኩ።

ዛሬ ተነበበ። አባባ መቋሚያቸውን አሻሹ።

"ድገሚው እስቲ።"

ደገመችው።

"አልሸኘሁትም" አሉ። "ተቆጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ 'አባባ' ሲለኝ ወዬ አላልኩትም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሂጂ፣ አጎትሽን አለኸኝን ጥሪው። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ።"

"ለምን ጉዳይ ልበለው?"

"እሱ አይጠይቅሽም።"

ሄጄ ነገርኩት። እውነትም አልጠየቀኝም። የሞተው ማነው እንኳ አላለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ስልኬን አብርቼ ስምህን ከስሜ ላይ አጠፋሁ። ቤቱን ጠረግኩ። ሽማግሌዎቹ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው፤ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ገቡ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አጎታችን ሊናገር ሲል እጃቸውን አነሡ።

"እሷ ትንገረኝ። ስትጽፍልኝ የከረመችው እሷ ናት።"

እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ።

"አባባ" አልኳቸው።

"ወዬ" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

እኅትህ የኔአለም፣
ከእንግዲህ በራሴ ስም ብቻ