መኪናዋን ማን ይቀበላት?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 11

የሚጭናት ተገኘ። መኪናዋ ሐሙስ ወደ ቶሮንቶ ትሄዳለች። ባለቤቴ ዘይነባ እዚያ እህቷ ዘንድ ከሄደች ሁለት ወር ሆናት። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከብበት ሥራ አግኝታለች፣ በ25 ትጀምራለች። መኪና የሌለው ሰው አይቀጥሩም። እስከዚያ ካልደረሰችላት ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

ሁሉም “ለምን ራስህ አትነዳትም?” ይለኛል። እኔ የምሠራበት የቧንቧ መጋዘን ሊዘጋ የሁለት ሳምንት ሺፍት ቀርቶታል። የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በነዳጅ በሚኖር በዚህ ከተማ ሁለት ሳምንትም ሥራ ነው። ደግሞስ በዚህ በረዶ፣ ብቻዬን፣ በዚያ ባለቀ ጎማ? ምክር ሰጪዎቼ ሁሉ ቤታቸው ነው የሚያድሩት።

ማክሰኞ 12

ጋሼ ተስፋይ ዘንድ ሄድኩ። እዚሁ ሬድስቶን ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ሁለት መኪና ልከው ያዩ ሰው። እንዳሉኝ ልጻፈው።

ታንኩን አትሙላ፣ ሩብ ይበቃል። ውስጧ ዕቃ እንዳትተው፣ ቢጠፋ ማንም አይጠየቅልህም። ኢንሹራንሳቸው ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተቀበል። “በዚህ ቀን ትደርሳለች ብሎ የሚምልልህን አትመን፣ ሰይድ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚልህ ይሻላል።”

የዘይነባን ድስቶች ትራንክ ውስጥ ደርድሬ ጨርሼ ነበር። አወጣኋቸው።

ረቡዕ 13

ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ወስጄ አሳጠብኳት። ጋሼ እንደሚሉት ቆሻሻ ጭረት ይደብቃል። ከዚያ በየማዕዘኑ ፎቶ አነሳሁ፣ የሄደችውንም ኪሎሜትር። የማላውቃቸው አራት ጭረቶች ወጡ። ዘይነባ ሳታውቃቸው አትቀርም።

ሐሙስ 14

ተጫነች። ሹፌሩ ዞሮ አያት፣ ጭረቶቹን ወረቀት ላይ አስፍሮ አስፈረመኝ። የጫኞቹ ቢሮ ያለችው ሰላም የምትባል እዚህ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። አማርኛዋ ትንሽ ቢሆንም በአማርኛ ነው የምታናግረኝ፣ ደስ ይላል።

“ጋሼ፣ ቶሮንቶ ማን ነው ፒክ አፕ የሚያደርገው?”

“ባለቤቴ ትቀበላለች፣ ዘይነባ ሐሰን።”

“ኦኬ፣ ፐርፌክት።”

የሞላችውን ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ። በአውቶቡስ ወደ ቤት፣ የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ።

ሐሙስ 21

ሳምንቱን ሥራና እንቅልፍ ብቻ። ዛሬ ዘይነባ ደወለች። መኪናዋ ደርሳለች፣ ግን አልሰጧትም። ሰላም የሞላችው ወረቀት “የመኪናው ባለቤት ዘይነባ ሐሰን” ይላል። ሊብሬው ግን በሰይድ ይመር ስም ነው። እኛ በየአባታችን ስም ስለምንጠራ ባልና ሚስት መሆናችንን የሚያሳይ አንድም ፊደል የለም። የመኪና ማቆያ ግቢው ኃላፊ ዋናው ባለቤት ራሱ ይምጣ ብሎ አሰናበታት።

ሰላም ጋ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ አንቱ እኮ ባለቤቴ ነው ያሉኝ። ባለቤት ኦውነር አይደለም እንዴ?”

“ነው። ሚስትም ነው።”

“ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ ጋሼ። ቤት ውስጥ እናቴ እንደዚህ ስትል አልሰማሁም።”

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ከሷ ይልቅ በራሴ። ሚስቴ ማለት ነውር መስሎኝ በጨዋ ቃል አወራሁ፣ ከዚያ የሰጡኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ለሚልክ ሰው እኔም አንድ ምክር አለኝ፦ የተቀባዩን ስም፣ ለአንተ ምንህ እንደሆነም፣ ከመፈረምህ በፊት አንብብ።

ዓርብ 22

የምሳ ሰዓቴን ይዤ ሰንሪጅ ወዳለው የሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሮጥኩ። የውክልና ደብዳቤ፣ የመታወቂያዬ ኮፒ፣ የኒካሕ ወረቀታችን ከነትርጉሙ፣ የምስክር ፊርማ። ሁሉንም ለሰላም ላክሁ። እሷም ቶሮንቶ ደጋግማ ደወለች። አለቃቸው ነገ ጠዋት አያለሁ ብሏል። ቅዳሜ በእኩለ ቀን ይዘጋሉ፣ እሑድ አይከፍቱም፣ ሰኞ ደግሞ ሥራዋ ይጀምራል።

ቅዳሜ 23

ሊዘጉ ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸው ሰጧት። ባትሪው ሞቶ ነበር፣ ጃምፕ አደረጉላት። ከላክሁላት ፎቶዎች ጋር አስተያየቻት፣ አዲስ ጭረት የለም። አልሐምዱሊላህ።

ከግቢው ሳትወጣ ደወለችልኝ።

“ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት” አለች። “መስታወቱንም ለራሴ አስተካከልኩት።”

“ደግ አደረግሽ” አልኳት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ነድታ በወረደች ቁጥር ወንበሩን ወደ እኔ ቁመት ትመልሰው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አመስግኛት አላውቅም። ሰኞ ሥራ ትገባለች፣ ደስ ብሎኛል። ምስጋናው ግን ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።