እናቴን ወደ ማልታ ለወሰዱት ሊቀመንበር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ልዑልሰገድ፣
በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የአረጋውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ ምንም እንኳ በዚህ ሰሞን በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ከእርስዎ የበለጠ ጤነኛ ሽማግሌ አለ ብዬ ባላምንም። እኔ በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖረው የወይዘሮ ውብነሽ ልጅ ሲራክ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው የማኅበሩ አባላት ሊቀመንበራቸው ምን ያህል ትጉህ እንደሆኑ እንዲያውቁልኝ ነው።

አንደኛ፣ እናቴን ለቅዳሜና እሑድ ወደ ማልታ ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። «ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ያረፈባት ደሴት ናት፤ መንፈሳዊ ጉዞ ነው» ብለው በስብሰባው ላይ ሲያስታውቁ፣ ለሁለት ቀን ጸሎት ውቅያኖስ መሻገር ለምን እንዳስፈለገ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ከዚያ አንዱ በጉልበቱ፣ ሌላዋ በልጅ ልጇ ምርቃት እያመካኙ ቀሩና ተጓዦቹ እርስዎና እናቴ ብቻ ሆናችሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ለእናቴ ያለሁላት እኔ ነኝና ከሥራ ኦፍ ጠይቄ ትኬት ቆረጥኩ። እሷም ና አላለችኝ፣ ቅርም አላለችኝ። ይህም አጠራጠረኝ።

ሁለተኛ፣ የከዘራዎ ጉዳይ ነው። አሌክሳንድሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ለመውጣት በግራና በቀኝ የሚደገፉት ሰው፣ የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ስንደርስ ከዘራዎን ሆቴል ትተው፣ የእናቴን ቦርሳ በትከሻዎ አንግተው፣ ያንን ማለቂያ የሌለው የድንጋይ ደረጃ እንደ ጎረምሳ ሲወጡት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ስከተል ዞር ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ እያልክ ና» ስላሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይብሳል። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እናትህ ጠምቷታል፣ ውሃ ግዛላት» ብለው ላኩኝ። ስመለስ ሁለታችሁም የላችሁም። ስደውል ስልካችሁ ዝግ ነው። ጎዳናውን ሁሉ ስዞር ቆይቼ ወደቡ ዳር ብወርድ፣ በአንዲት ትንሽ ባለ ቀለም ጀልባ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አየኋችሁ። እናቴ እኮ ውሃ ትፈራለች! ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንኳ ልወስዳት ስል «ከመኪና አልወርድም» የምትል ሴት ናት። እዚያ ግን ነጠላዋ በንፋስ እየተውለበለበ፣ ከሩቅ እስኪሰማ ድረስ ትስቅ ነበር። «እማዬ!» ብዬ ጮኽሁ። እጇን አውለበለበችልኝና መሳቋን ቀጠለች።

እራት ላይ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ አባላቱ ግን አያውቁምና ልንገራቸው። ዓሣው ሳይቀርብ እናቴ «ሲራክ፣ እንጋባ ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ይህን ለመንገር ማልታ ድረስ?» አልኳት።

«ቤት ብንነግርህ ሥራ ረፈደብኝ ብለህ መኪናህን አስነስተህ ትሄዳለህ። እዚህ መሄጃ የለህም።»

እኔ ሳልጋበዝ የመጣሁ ሲመስለኝ፣ ለካ እንደማልቀር አውቃችሁ ጠብቃችሁኛል። ተናደድኩና የማይባለውን አልኩ። «አባዬን ረሳሽው ማለት ነው?»

እናቴ አልተቆጣችም። «እኔማ ስሙን በየቀኑ እጠራለሁ። አንተ ነህ ሳነሳው ወሬ የምትለውጥብኝ። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ይሰሙኛል» አለችኝ።

እርስዎ አንገትዎን ደፍተው የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በእጅዎ ያጥፉ ይዘረጉ ነበር። ክቡር ሊቀመንበር፣ ከዚያ ጉዞ ሁሉ ያለ ጥርጣሬ ያመንኩት ነገር ቢኖር ያንን እጅ ነው። ስለዚህም ነው ተነስቼ ትከሻዎን የሳምኩት፤ ወዲያውም የተጸጸትኩት።

እነሆ በሚቀጥለው ወር ቄሱ ይባርኳችኋል፤ እናቴም ወደ አሌክሳንድሪያ ትገባለች። በየእሑዱ እየመጣሁ ስለ አባቴ ስታወራ ልሰማት ቃል ገብቼላታለሁ፤ ወንበር ቢያዘጋጁልኝ ደስ ይለኛል።

በታላቅ አክብሮትና ትሕትና፣ ደረጃ በመውጣት ያመመው እግሩ እስካሁን ያልዳነለትና
የእንጀራ ልጅዎ ለመሆን የተገደደው
ሲራክ

ማሳሰቢያ፦ ማኅበሩ ለመጪው መስከረም የቆጵሮስን መንፈሳዊ ጉዞ እንዳሰናዳና እስካሁን የተመዘገቡት ጸሐፊው አቶ ወንድይራድና ወይዘሮ ሸዋዓለም ብቻ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ለወይዘሮ ሸዋዓለም ልጅ ለሄኒ ኮል አድርጌ፣ ውሃ ግዢ ቢሏት ንቅንቅ እንዳትል ነግሬያታለሁ።